ጓጓ

ከመርከባችን ሆድ፣ ናፍጣ እንደሸተትኩ፣
በላስ ፓልማስ ወደብ፣ መሰላሉን ወረድኩ።
የስምንት ሰዓት ፈቃድ፣ ከዚያ መልሶ ባሕር፤
ሌሎቹ ቢራ ፍለጋ፣ እኔ ዛፍ ፍለጋ ስበር።

ወሬውን ያመጣው ሮዴል ነው፣ የማኒላው ልጅ፦
«ቡና ይበቅላል» አለኝ፣ «ከተራራው ሥር፣ ከሰው ደጅ፤
አውሮፓ ውስጥ!» አለና፣ ከት ከት ብሎ ሳቀ።
እኔ የጌራ ልጅ ነኝ፤ ቀልዱ እዚያው ደረቀ።
ካርታው አውሮፓ ይለዋል፣ ፓስፖርቱም ይስማማል፤
ነፋሱ ግን ከሰሐራ፣ አሸዋ ይዞ ይመጣል።

ትኬት ቆራጯ ሴት፣
ከመስታወቱ ማዶ ቀና ብላ፣
«ጓጓ?» አለችኝ።

ደነገጥኩ።
ማን ነገራት በአላህ? ከፊቴ ላይ ተነበበ?
«አዎን፣ ጓጓ» ልላት ነው፣ እውነቱ ከንፈሬ ደረሰ፣ ቀረበ፤
ዘጠኝ ዓመት እንደጓጓ፣ የቡና አበባ ለማሽተት፣
ናፍጣ የለመደ አፍንጫ —
ለካ በደሴቱ አፍ፣ አውቶቡስ ነው ጓጓ ማለት።

ጓጓ መጣ። ተሳፈርኩ።
ባሕሩን በቀኝ ትቶ፣ በሙዝ እርሻ ዳር ከነፈ፣
ነጭ መጋረጃ በለበሰ፤ ቁልቋል በገደሉ ተሰለፈ።
ከጎኔ አንዲት ባልቴት፣ የፍየል አይብ ታቅፋ፣
ትከሻዬን ሳትጠይቅ፣ እንደ ትራስ ተደግፋ፣
አንኮራፋች እስከ አጋኤቴ። አልተነቃነቅኩም፤
ዘጠኝ ዓመት ማንም ሰው፣ ትከሻዬ ላይ አልተኛም።

ሾፌሩ ኔስቶር፣ በመስታወቱ እያየኝ፣
ከባሕሩ ዳር ያለውን ገደል፣ በአገጩ አሳየኝ፤
«እዚያ ድንጋይ ነበረ፣ የእግዜር ጣት የምንለው፤
ነፋስ ቆረጠው አንድ ሌሊት። ዛሬም ሰው መጥቶ የሚያየው
የሌለውን ነው» አለ።
ስፓኒሼ የወደብ ነው፣ ግማሹ ስድብ።
ይህ ግን ገባኝ።

ከዚያ ትንሿ ጓጓ፣ ወደ ሸለቆው ስትወጣ፣
ጥድ ከላይ፣ ገደል ከታች፣ ኩርባ በኩርባ ሲመጣ፣
እኔ የባሕር ሰው፣ ማዕበል የማይነካኝ፣
አራተኛው ኩርባ ላይ፣ ማቅለሽለሽ ያዘኝ።

ወረድኩ።
ከማንጎ ሥር፣ ከብርቱካን ጥላ ሥር፣
ቆሞ ነበር።
ባዕድ አገር እንደተወለደ፣ እንደ አጎት ልጅ፤
መልኩ የኛው፣ ቋንቋው የሰው፣
ሰላም ልበለው አልበለው ያሰኘኝ።

ባለ አትክልቷ ኦክታቪያና፣ ቅርጫቷን ወገቧ ላይ አስራ፣
«ለጉብኝት ሁለት ዩሮ» አለች፣ ቱሪስት የሰለቻት ሰው በምታውቀው ሥራ።
ከፈልኩ።
አባቴ ይህን ቢሰማ! ቡና ለማየት መክፈል!

እጄ ግን አልጠየቀኝም።
ከቀይ መሀል ቀዩን መርጦ፣ ጠምዘዝ አድርጎ ለቀመ፣
ጥሬውን ጎረቤቱን ሳይነካ። የሴትዮዋ እጅ አየር ላይ ቆመ።
«ማን አስተማረህ?» አለች። አባቴን በስፓኒሽ አጣሁት፤
ነፋስ ያልቆረጠውን ጣቴን፣ ወደ ምሥራቅ ቀሰርኩት።

ሁለት ዩሮዬን አልመለሰችም፤
ሌላ ቅርጫት አመጣች እንጂ።
አንድ ሰዓት ያህል ለቀምን፣ እሷ በዚያ፣ እኔ በዚህ፣
እርግብ እንኳ ድምፅ ሳያሰማ።

ከታች ከኩርባው ጥሩምባ ተሰማ።
«ጓጓ!» ጮኸች ኦክታቪያና፣ «ጓጓ! ጓጓ!»
አውቃለሁ፣ አልኳት። ሮጥኩ።

ማታ ሞተር ክፍል፣ መርከቧ ስትንቀጠቀጥ፣
ሮዴል «አገኘኸው?» አለ፣ ዘይት ሲለካ ሲያፈጥ።
ከኪሴ አንዲት ቀይ አውጥቼ፣ «ምጠጣት፣ አትንከሳት» አልኩት።
መጠጠ። ዝም አለ። «ማር ነው» አለ በኋላ።
ፍሬዋን ሊተፋት ሲል፣
መዳፌን ከአፉ ሥር ዘረጋሁለት።